ወደ ዮርክ ጉዞ፤ ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ የመነሣት ትምህርት

ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደ አሜሪካ ከሚሻገሩት ያገራችን ሰዎች አያሌዎቹ የሚያርፉት በዋሽንግተን ወይም ከእርስዋ አጠገብ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚያ እንጀራው አለ፤ ቡናው አለ፤ አማርኛው አለ። ስለዚህም ብዙ ሰው ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ከዚያ ክልል ወጣ ሳይል፣ የባላገሩንም አኗኗር ሳያይ ይቀራል። አንባቢ ሆይ፤ እርስዎ ግን አንድ ቅዳሜ ማለዳ ተነሥተው ወደ ሰሜን ቢያቀኑ፣ ባልቲሞርን ካለፉ በኋላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው ዮርክ ከምትባል ከተማ ይደርሳሉ።

ዛሬ ስለዚህች ከተማና በእርስዋ ስለ ተወለደው ስፖርት ላጫውትዎ እወዳለሁ። ይልቁንም ጀማሪ የሆነ ሰው፣ ድጋፍ የሚሰጥ ጠባብ ልብስ ለብሶ፣ ከባድ ብረት በትከሻው ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣትን እንዴት እንደሚማር እነግርዎታለሁ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉልኝ።

መንገዱ ሜሪላንድን ከፔንሲልቬንያ የሚለየውን፣ በታሪክ የሜሰንና የዲክሰን መስመር የሚባለውን ድንበር ያቋርጣል። ከዚያ ወዲያ ለስላሳ ኮረብታዎች፣ የበቆሎ እርሻዎችና ከእንጨት የተሠሩ ታላላቅ ጎተራዎች ይታያሉ። ዮርክ ራስዋ ኮዶረስ በሚባል ወንዝ ዳር የተቈረቈረች የፋብሪካ ከተማ ናት። በ1777 የእንግሊዝ ጦር ፊላደልፊያን ሲይዝ፣ ለነጻነታቸው ይዋጉ የነበሩት የአሜሪካ ግዛቶች ጉባኤ ወደዚህች ከተማ ሸሽቶ ለ9 ወር ያህል ተቀምጦባታል። በመካከልዋ በ1888 በጡብ የታነጸ የገበያ አዳራሽ አለ። ገብተው ፖምና ዳቦ ሲገዙ፣ ከአጠገብዎ የቆመው ሽማግሌ አንገቱ እንደ በሬ የደነደነ መሆኑን ካዩ አይገረሙ፤ ከተማዋ የብረት አንሺዎች ከተማ ናትና።

ለዚህ ስም ያበቃት ቦብ ሆፍማን የሚባል ሰው ነው። ሆፍማን ቤት የሚያሞቅ የዘይት ምድጃ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ባለድርሻ ነበር። ክብደት ማንሣት ግን ልቡን ስለ ማረከው፣ በ1932 ስለ ጤናና ስለ ጥንካሬ የሚጽፍ መጽሔት አቋቋመ፤ የዮርክን ስም የተሸከመ ባርቤልም እያሠራ ወደ ዓለም ዙሪያ ይሸጥ ጀመር። እስከ ሞተበት እስከ 1985 ድረስ ስሙ ከዚህ ስፖርት ተለይቶ አያውቅም። እርሱ ካሠለጠናቸው የአሜሪካ ቡድን አባሎች አንዱ ጥቁሩ አሜሪካዊ ጆን ዴቪስ ነበር። ዴቪስ ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ በ1938 ቪየና ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ኋላም በ1948 በለንደን፣ በ1952 ደግሞ በሄልሲንኪ የኦሊምፒክ ወርቅ ተሸልሟል። በገዛ አገሩ ከነጭ ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጥ በብዙ ስፍራ ይከለከል በነበረበት ዘመን፣ ከእርሱ የሚበልጥ ኃይለኛ በዓለም ላይ አልተገኘም ነበር።

ዴቪስ የተወዳደረበት ስፖርት ብረቱ ከራስ በላይ የሚነሣበት የኦሊምፒኩ ዓይነት ነው። በዮርክ የተወለደው ግን ሌላ ነው፤ ስሙም ፓወርሊፍቲንግ ይባላል። በ1964 በዚህች ከተማ አገር አቀፍ የሙከራ ውድድር ተደረገ፤ በ1965 የመጀመሪያው ይፋ የሆነ የአሜሪካ ሻምፒዮና በዚያው ተከተለ፤ በ1971 ደግሞ የሌላ አገር ሰዎች ተጋብዘው የዓለም ሻምፒዮና ተባለ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽንም በ1972 ተቋቋመ። ውድድሩ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ብረት በትከሻ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት ነው፤ ባለሙያዎቹ ስኳት ይሉታል። ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተንጋሎ ብረቱን ከደረት ወደ ላይ መግፋት ነው። ሦስተኛው ብረቱን ከመሬት አንሥቶ ቀጥ ብሎ መቆም ነው። ለእያንዳንዱ ሦስት ጊዜ መሞከር ይፈቀዳል።

ከሦስቱ እጅግ የሚያስፈራው የመጀመሪያው ነው። አግዳሚው ላይ የተንጋለለ ሰው ብረቱን ያየዋል፤ ከመሬት የሚያነሣም ቢያቅተው ይለቀዋል። በትከሻው የተሸከመ ግን ብረቱን አያየውም፤ ሊለቀውም አይችልም። ሕጉም አይምርም። ተወዳዳሪው ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ ይቆማል፤ ዳኛው ሲያዝዘው ይወርዳል፤ ከዳሌው መታጠፊያ አጠገብ ያለው የጭኑ የላይኛው ገጽ ከጉልበቱ አናት በታች እስኪሆን ድረስ መውረድ አለበት። ከዚያም ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ብረቱን እንዲመልስ እስኪታዘዝ ይጠብቃል። ሦስት ዳኞች ነጭ ወይም ቀይ መብራት ያበራሉ፤ ሁለት ነጭ ያገኘ ያልፋል።

ልብሱ የመጣው በዚህ ፍርሃት ምክንያት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሕጉ የላላ ስለ ነበረ ተወዳዳሪዎች የማይሞክሩት ዘዴ አልነበረም ይባላል። አንዱ ጠንካራ የጂንስ ሱሪ አጥብቦ ይለብሳል፤ ሌላው ወገቡንና ጭኑን በአንሶላ ይጠቀልላል፤ የቴኒስ ኳስ ለሁለት ሰንጥቆ በጉልበቱ መታጠፊያ ውስጥ የሚወትፍም ነበር እየተባለ ይተረካል። በ1970ዎቹ ዓመታት ለዚሁ ተብሎ የተሰፋ ልብስ ገበያ ላይ ዋለ። እጅጌ የለውም፤ እግሩ ከጭን ላይ ይቈረጣል፤ በትከሻ ላይ በሁለት ማንገቻ ይያዛል። ጨርቁ ፖሊዬስተር ሆኖ እንደ ድንኳን ሸራ የጠነከረ ነው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የሚፈቅደው ባለ አንድ ድርብ የሆነውን ብቻ ሲሆን፣ ባለ ብዙ ድርቡን የሚፈቅዱ ሌሎች ማኅበሮችም አሉ። ከልብሱ ጋር ሰፊ ቀበቶና ርዝመቱ እስከ 2 ሜትር የሚደርስ የጉልበት መጠቅለያ ፋሻ ይታከላል።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን አይደለም። እናቶቻችን እንስራ አዝለው ዳገት ሲወጡ ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ አድርገው ያስራሉ። ገበሬውም ለከባድ ሥራ ሲነሣ ድጉን ይታጠቃል። እንስራውን የተሸከመው መቀነቱ ነው ብሎ የተናገረ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማንም። የስኳቱ ልብስ እርግጥ ከመቀነት ይበልጣል። ሰውዬው ሲወርድ ጨርቁ በዳሌውና በጭኑ ዙሪያ ይወጠራል፤ ሲነሣም የተወጠረው ተመልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። እንደ ደጋን ነው፤ ደጋን የሚመልሰው የሳቡትን ያህል ነው። ሳይወርድ የቀረ ሰው ከልብሱ ምንም አያገኝም።

ሆኖም ተቃዋሚዎች አሉ። «ብረቱን ያነሣው ሰውዬው ነው ወይስ ልብሱ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ የለመደ ሰው በልብሱ ምክንያት ብዙ ኪሎ ይጨምራልና። ስለዚህ ያለ ልብስ፣ ቀበቶና የጉልበት ማቀፊያ ብቻ ይዞ የሚደረግ ክላሲክ የተባለ ውድድር ተለየ፤ የመጀመሪያው የክላሲክ የዓለም ሻምፒዮና በ2013 በሩስያ አገር በሱዝዳል ከተማ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ጀማሪዎች በብዛት ወደዚያኛው ይሄዳሉ፤ ልብሱን የሚማሩት እያነሱ ሄደዋል። ልብሱን የሚማሩት ጥቂቶች ምን እንደሚፈልጉ ለማየት ነው እኔም ከዮርክ ወጣ ባለ አንድ የቀድሞ ፋብሪካ ውስጥ ወዳለ ትንሽ አዳራሽ የሄድሁት።

አዳራሹ ለዓይን የሚያምር አይደለም። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ግድግዳው ላይ መስተዋት የለም። የማግኒዥየም ዱቄት እንደ ጤፍ ዱቄት በሁሉም ነገር ላይ ተነስንሷል። አሠልጣኙ 60 ዓመት ያለፋቸው፣ ከፋብሪካ ሥራ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ተማሪያቸው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የሚሠራ ወጣት ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ደብዳቤ ሲጽፍ ይውላል። ሦስት ረዳቶችም አብረው ነበሩ።

አሁን አንባቢ ሆይ፤ ራስዎን በዚህ ወጣት ስፍራ አድርገው ያስቡት። በመጀመሪያ አሠልጣኙ ልብሱን አያሳዩዎትም። ብረቱን ያለ ልብስ ለወራት ተሸክመው፣ እግርዎን ከፈት አድርገው፣ ጉልበትዎን ወደ ውጭ እየገፉ፣ ደረትዎን ቀና አድርገው፣ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ዳሌዎን ወደ ኋላ ሰደድ እያደረጉ መውረድን ይማራሉ። ወጣቱ ጸሐፊ በዚህ ዓይነት 150 ኪሎ ለመሸከም አንድ ዓመት ተኩል ፈጅቶበታል። «መጥፎ አወራረድ ያለው ሰው ልብስ ሲለብስ መጥፎነቱ አይጠፋም፤ ኪሎው ብቻ ይጨምርለታል» አሉኝ አሠልጣኙ።

ቀጥሎ መልበሱ ራሱ ሥራ ነው። ልብሱ ስለሚጠብብ ብቻውን የሚለብሰው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ጭንዎ ላይ የሕፃናት ፓውደር ይነሰነሳል፤ እግርዎ እንዲያንሸራትት ለስላሳ የላስቲክ ከረጢት ይጠለቅበታል። ከዚያ አንድ ረዳት በግራ አንዱ በቀኝ ሆነው ጨርቁን ስንዝር በስንዝር ወደ ላይ ይስቡታል። ስፌቱ ተጣምሞ ከቀረ አንዱን ጎን ከሌላው አስበልጦ ስለሚገፋ፣ ወደ ታች አውርደው እንደ ገና ይጀምራሉ። ለጀማሪ ልኩ በጣም የጠበበ አይሰጠውም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ማንገቻው በትከሻ ላይ አይወጣም፤ ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሲጨርሱ ጭንዎ ይቀላል፤ ትንሽ ከቆዩም ይደነዝዝዎታል። በዚህ ምክንያት በየመካከሉ ልብሱ ይላላል፤ ለብሶ መንጐራደድ የለም።

አሁን የጀማሪው ትልቅ ችግር ይመጣል። ልብሱ በቀላል ብረት አይወጠርም። ወጣቱ በመጀመሪያው ቀን 110 ኪሎ ተሸክሞ ሊወርድ ቢሞክር ከሚፈለገው ዝቅታ አንድ ስንዝር ያህል ሲቀረው ጨርቁ አግዶ አቆመው። ብረቱ ሲከብድ ይወርዳል፤ ሲከብድ ግን አደጋው ያይላል። ሰው እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያደርጋል። ችኩሉ በአንድ ጊዜ ብዙ ኪሎ ይጨምርና ጀርባውን ይጐዳል፤ ፈሪው ደግሞ እላይ እየተመለሰ የወረደ ይመስለዋል። የአሠልጣኙ ዘዴ ከሁለቱም የተለየ ነው። ከኋላ ጠንካራ የእንጨት ሳጥን ያስቀምጣሉ፤ በላዩም ጣውላ ይደራርባሉ። ተማሪው ዳሌው ጣውላውን እስኪነካ ይወርዳል። በየሳምንቱ አንድ ጣውላ ይነሣል፤ ብረቱም በመጠኑ ይጨመራል። ሰውነቱ ሳያውቀው እየወረደ ይሄዳል።

በቋንቋችን ጉልበት ስንል የእግርን መታጠፊያም ኃይልንም ማለታችን ነው። ያን ቀን ይህ ቃል ሁለት ትርጉም ያገኘበት ምክንያት በግልጥ ታየኝ። አምስተኛው ሳምንት ነበር፤ ሳጥኑ ተነሥቷል፤ ማንገቻው ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻ ላይ ወጥቷል፤ ጉልበቱም በፋሻ ተጠቅልሏል። በብረቱ ላይ 160 ኪሎ ነበር። ከረዳቶቹ ሁለቱ በብረቱ ሁለት ጫፎች፣ አንዱ ከኋላው ቆሙ። ወጣቱ ትንፋሹን ሰብስቦ ወረደ፤ ፈጥኖም ተነሣ። ፊቱ ፈካ። አሠልጣኙ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተነሣህ እንጂ አልወረድህም» አሉት።

ለሁለተኛው ሙከራ ኪሎ አልተጨመረም። ወጣቱ በዚህ ጊዜ በእውነት ወረደ። ሲነሣ ግን ማንገቻው ደረቱን ወደ ፊት ጐተተውና ብረቱ ወደ አንገቱ ማዘንበል ጀመረ። ከኋላ የቆመው ረዳት በብብቱ ሥር እጁን ሰዶ ደረቱን አቅፎ ያዘው፤ በጫፎቹ ያሉትም ብረቱን እኩል አንሥተው ከማሳረፊያው መለሱት። ነገሩ ሁሉ አንድ ሁለት እስኪባል ድረስ እንኳ አልፈጀም። ማንም አልጮኸም፤ ማንም አልወቀሰውም። መጀመሪያ የተደረገው ነገር ማንገቻውን ከትከሻው ማውረድና ፋሻውን መፍታት ነበር፤ ደሙ እንዲዘዋወር።

አሥር ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ዝም ብሎ እጁን አየ። ከዚያ «እንሞክር» አለ። እንደ ገና አለበሱት። ወረደ፤ ከጉልበቱ አናት በታች ሲደርስ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ቆመ፤ ከዚያ ቀስ እያለ፣ ደረቱ እንደ ተቃና ተነሣ። አሠልጣኙ «ይኸው» ብቻ አሉ። ወጣቱ በኋላ ለእኔ ሲናገር፣ በሦስተኛው ጊዜ የወረደው በልብሱ ተማምኖ ሳይሆን፣ በሁለተኛው ጊዜ ከኋላው ያሉት እጆች በእርግጥ እንዳሉ ስላወቀ ነው አለኝ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የዚህ ልብስ ነገር እንዲያ ነው፤ አሠልጣኙንም እንቅልፍ የሚነሣቸው ይኸው ነው። ቀድሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሱን የሚለብሱት ሰዎች በወረፋ ይቆሙ ነበር፤ አንዱ ሌላውን ያለብሳል፤ ሌላው ደግሞ አንዱን ይጠብቃል። ዛሬ የቀሩት ያየኋቸው ብቻ ናቸው። ከሦስቱ ረዳቶች አንዱ በሚመጣው ወር ለሥራ ወደ ሌላ ግዛት ይሄዳል። «ልብስ ከገበያ ይገዛል፤ የሚያለብስ ሰው ግን አይገዛም» አሉኝ አሠልጣኙ። ያለ ልብስ የሚያነሣ ወጣት በሁለት ሰው ሊጠበቅ ይችላል፤ በብዙ አዳራሽም ብቻውን ይለማመዳል። ልብሱን የሚለብሰው ግን ሦስት ታማኝ ወዳጆች ካላገኘ ልብሱን በሣጥን ቈልፎ ማስቀመጥ ነው ያለው። «ብረቱን ያነሣው ማን ነው?» ለሚሉት ተቃዋሚዎች የእኔ መልስ ይህ ነው፤ ያነሣው ሰውዬው ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አልነበረም፤ ብቻዬን ነበርሁም አላለም።

እንግዲህ ይህን አንብበው ልብዎ የተነሣሣ እንደ ሆነ ጥቂት ምክር ልስጥዎ። ብረቱን በብርቱ ሲሸከሙ ትንፋሽ ይታፈናል፤ የደም ግፊትም በዚያች ቅጽበት እጅግ ይወጣል። ስለዚህ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ካለብዎ፣ ጀርባዎም ታሞ የሚያውቅ ከሆነ፣ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ሲጀምሩ ባዶ እንጨት በትከሻዎ አድርገው ቁጢጥ ብለው ተረከዝዎ ከመሬት ሳይለቅ መነሣትን ይልመዱ። ወንበር ላይ የሚውል ተማሪና ጸሐፊ ይህን ብቻ ለማድረግ ሲሞክር ዳሌው ምን ያህል እንደ ደረቀ ያውቃል። ባዶ ባርቤሉ 20 ኪሎ ነው፤ ለብዙ ሳምንት ይበቃዎታል። ስለ ልብሱ የሚያስቡት ያለ ልብስ በሚገባ መውረድ ከቻሉ በኋላ ይሁን። ያን ጊዜም ልብሱን የሚያውቅ ሰው ሳያገኙ ገዝተው አይልበሱ፤ ከቶም ብቻዎን አይሞክሩት።

ዮርክን ለማየት ከሄዱ የገበያውን አዳራሽ በጧት ይጐብኙ። የባርቤሉ ኩባንያ የታላላቅ ብረት አንሺዎችን መታሰቢያ የሚያሳይ ሙዚየም ለብዙ ዓመታት ይዞ ስለ ኖረ፣ ክፍት መሆኑን አስቀድመው በስልክ ጠይቀው ይሂዱ። ከዚያም ጊዜ ከተረፈዎት የከተማውን ሰው ጠይቀው ብረት ከሚነሣባቸው ትናንሽ አዳራሾች ወደ አንዱ ጎራ ይበሉ። ከበሩ ቆመው ሲመለከቱ ዝም ብለው አይተዉዎትም። አሠልጣኙ አቋቋሙን ካሳዩዎት በኋላ፣ ቀለል ያለ ብረት በሚነሣበት ጊዜ ከአንዱ ጫፍ እንዲቆሙ ይጠይቁዎታል። እጅዎን ዘርግተው ይቁሙ፤ ብረቱን ግን ካልወደቀ አይንኩት።